መርከቧ ለምን ትቸኩላለች?

በጂዳ፣ በዶሃ ወይም በዱባይ ለሥራ የሚኖሩ ወንድሞችና እህቶች ይህንን ሳያዩ የቀሩ አይመስለንም። ማለዳ ላይ የብዙ ፎቅ ሕንፃ የሚያህል ነጭ መርከብ ወደቡ ዳር ቆሞ ይታያል። አውቶቡሶች ተሰልፈው እንግዶች ይጭናሉ። ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት፣ ልጆቻቸውን በእጅ የያዙ ወላጆች፣ ካሜራ ያንጠለጠሉ ወጣቶች ወደ ገበያው ይጎርፋሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብዙዎቹ እየተጣደፉ ይመለሳሉ። ማታውን ወይም በማግስቱ ያ ሕንፃ የሚያህል መርከብ ከቦታው የለም።

ከሩቅ አገር የመጣ መርከብ፣ ተሳፋሪዎቹም ገንዘባቸውን አጠራቅመው አገር ለማየት የወጡ ሆነው ሳለ፣ በአንዲት ከተማ ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ቆይቶ መሄዱ ለምንድን ነው? ጥያቄው የዋዛ ይመስላል። መልሱን ስንከታተለው ግን የገንዘብ፣ የነዳጅ፣ የሕግና የሰው ጉልበት ሒሳብ አንድ ላይ ተቋጥሮ እናገኘዋለን። ሰዓቱ ሲተመን ደግሞ ብዙ ጊዜ የማይጠየቁ ሁለት ወገኖች አሉ። አንደኛው በመርከቡ ላይ የሚሠራው ሠራተኛ ነው፤ ሌላው በወደቡ ዳር የሚኖረው ሕዝብ ነው። ወደ እነሱም እንደርሳለን። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማዶውና መሻገሪያው

ቀድሞ መርከብ መሻገሪያ ነበር። ከአገራችን ወደ ሐጅ የሚሄዱ አባቶችና እናቶች አውሮፕላን ከመለመዱ በፊት በእግርና በእንስሳት ጀርባ ምጽዋ ይወርዱና ቀይ ባሕርን ተሻግረው ጂዳ ይገቡ ነበር። ልባቸው ያለው ማዶ ነው። መርከቡ ላይ ያለው ኑሮ ቢያሰለችም ቢያስቸግርም የሚታለፍ ነገር ነበር።

መርከብ ራሱ መዝናኛ ሆኖ የተሸጠበት ዘመን የሚጀምረው በአንድ ነጋዴ ሒሳብ ነው ማለት ይቻላል። የሐምቡርግ አሜሪካ የመርከብ ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ጀርመናዊው አልበርት ባሊን በብርዱ ወራት አትላንቲክን የሚያቋርጥ ሰው እያነሰ ትልልቅ መርከቦቹ ሥራ ሲፈቱበት፣ አውጉስታ ቪክቶሪያ የተባለችውን መርከብ በጃንዋሪ 1891 ወደ ሜዲትራኒያን ላካት። 241 መንገደኞች ነበሩባት፤ ጉዞውም 57 ቀን ፈጀ። መንገደኞቹ ጊዜውም ገንዘቡም ያላቸው ሰዎች ስለነበሩ ከመርከቧ ወርደው የውስጡን አገር ለማየት ይችሉ ነበር።

ጄት አውሮፕላን ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአትላንቲክን መንገደኛ ሲወስድባቸው፣ የመርከብ ኩባንያዎች እንደ ባሊን ፊታቸውን ወደ ሽርሽር አዞሩ። አሁን ግን ደንበኛው ሌላ ሆነ። ከሥራው አንድ ሳምንት ፈቃድ የሚያገኝ ሠራተኛ ነው፤ 57 ቀን ከየት ያመጣል? ስለዚህ ሽርሽሩ በ7 ሌሊት እንዲያልቅ ሆኖ ተሰፋ። በዚያ ሳምንት ውስጥ ሦስት ወይም አራት ወደብ ካልተጠራ ደግሞ ማስታወቂያው አያምርም። ሰው አራት አገር አየሁ ማለት ይወዳል። አራት አገር በሰባት ሌሊት ከተከፈለ፣ የመንገዱም ጊዜ ከተቀነሰ፣ ለአንዱ የሚደርሰው አንድ ቀን ነው። እሱም ሙሉ ቀን አይደለም።

በሌላ በኩል መርከቡ ከዓመት ዓመት እየገዘፈ ሄደ። በጃንዋሪ 2024 ሥራ የጀመረችው አይከን ኦፍ ዘ ሲስ 365 ሜትር ትረዝማለች፤ እስከ 7,600 ተሳፋሪና 2,350 ሠራተኛ ትይዛለች። ይህ የአንድ አነስተኛ ከተማ ሕዝብ ነው። የመዋኛ ገንዳው፣ ቲያትሩ፣ የልጆች መጫወቻው፣ ምግብ ቤቱ ሁሉ ላይዋ ላይ አለ። መርከቡ መሻገሪያ መሆኑ ቀርቶ ራሱ ማዶ ሆነ ማለት ነው። ማዶው መርከቡ ከሆነ ከተማው ምን ይሆናል? በመንገድ ላይ የሚታይ መስኮት ይሆናል።

የሚዘጋው በር

ትኬቱ ኩባንያውን ብዙውን ጊዜ ብቻውን አያጠግበውም። ትልቁ ትርፍ የሚገኘው ተሳፋሪው ከገባ በኋላ ከሚያወጣው ነው፤ ከመጠጥ፣ ከቁማር፣ ከሱቅ፣ ከፎቶግራፍ፣ ከኢንተርኔት፣ ከመታሻ ቤት። መርከቡ ባሕር ላይ እስካለ ድረስ ይህ ሰው ሌላ ሱቅ የለውም። ወደብ ሲደርስ ግን ወርዶ ከተማው ውስጥ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይገዛል።

ይህ ብቻ አይደለም። መርከቡ የአንድ አገር ወደብ ውስጥ ሲሆን ካዚኖውና ከቀረጥ ነፃ የሆኑት ሱቆች ባብዛኛው በሕግ ይዘጋሉ። ከጉምሩክና ከቁማር ሕግ ለመውጣት ወደ ክፍት ባሕር መሄድ ያስፈልጋል። ስለዚህ መርከቡ ገመዱን ፈትቶ ጥቂት እንደራቀ መብራቶቹ ቦግ ይላሉ። ወደብ ላይ የምታልፈዋን እያንዳንዷን ምሽት ኩባንያው እንደ ኪሳራ የሚያያት ለዚህ ነው። ነገሩን በርሙዳ በደንብ አውቃዋለች። ከኒውዮርክ የሚመጡ መርከቦች እዚያች ደሴት ለመድረስ ረጅም ባሕር ስለሚያቋርጡና በአካባቢው ሌላ የሚጠጉበት ደሴት ስለሌለ ሁለትና ሦስት ቀን ይቆማሉ። ታዲያ በ2013 የወጣ የደሴቲቱ ሕግ በዚያ የሚያድሩ መርከቦች ካዚኗቸውን በሌሊት እንዲከፍቱ ፈቀደ። ኩባንያዎቹ እንዲቆዩላት የፈለገች አገር ምን እንደተጠየቀች ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የቁማርና የመጠጥ ነገር ለሙስሊም ቤተሰብ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ ብይኑን አንባቢ ያውቀዋልና አናስረዝመውም። ለጥያቄያችን የሚጠቅመን ሌላ ነው። በዲሴምበር 2024 ከጂዳ ሥራ የጀመረችው የሳዑዲዋ አሮያ መርከብ መጠጥም ካዚኖም የላትም። ለሴቶች ብቻ የተለዩ ሥፍራዎችም አሏት። ይሁንና የእሷም ጉዞ በሌሊት የተቆጠረ ነው። ከሚጠሩት ማረፊያዎቿ አንዷም በቀይ ባሕር ውስጥ ያለች ጀበል አስ-ሰባያ የተባለች ለመርከብ እንግዶች የተዘጋጀች ደሴት ናት። እንግዲህ ቁማሩ ቢወጣም ጥድፊያው አልወጣም። ሌላ ምክንያት መፈለግ አለብን።

የነዳጅ ሒሳብ

ይህን ተማሪዎች በወረቀት ሠርተው እንዲያዩት እንጋብዛለን። አንድ የባሕር ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ነው፤ በሰዓት አንድ የባሕር ማይል የሚሄድ መርከብ ፍጥነቱ አንድ ኖት ነው ይባላል። ከዛሬው ወደብ እስከ ነገው ወደብ 210 የባሕር ማይል ነው እንበል። መርከቧ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ተነስታ በማግስቱ ጧት 1 ሰዓት ብትገባ 14 ሰዓት አላት። በ15 ኖት ዝግ ብላ ትደርሳለች። ተሳፋሪዎቹ ለምነው እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ብትቆይላቸውስ? የሚቀራት 10 ሰዓት ነው፤ በ21 ኖት መሮጥ አለባት።

ልዩነቱ 6 ኖት ነው፤ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ውሃ እንደ አስፋልት አይደለም። መርከብ ውሃን እየገፋ ስለሚሄድ ፍጥነቱ ሲያድግ የሚያስፈልገው ኃይል በግምት በፍጥነቱ ኩብ ያድጋል። ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ኃይሉ ስምንት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። በምሳሌያችን ፍጥነቱ 1.4 እጥፍ ሆኗል። በሰዓት የሚቃጠለው ነዳጅ 2.7 እጥፍ ይሆናል። የጉዞው ሰዓት ስላጠረ ጥቂት ይካሳል፤ በድምሩ ግን ያንኑ መንገድ ለመሄድ ሁለት እጥፍ ገደማ ነዳጅ ይነዳል። ለአራት ሰዓት የከተማ ምሽት የአንድ ሌሊት ነዳጅ ተጨማሪ ማለት ነው። ከተማው የቱንም ያህል ቢያምር ይህን የሚፈቅድ ሒሳብ ሹም አይገኝም።

በዚህ ላይ የወደቡ ወጪ አለ። ወደ ወደብ ሲገባና ሲወጣ አካባቢውን የሚያውቅ መሪ (ፓይለት) ይሳፈራል፤ አንዳንዴ ጎታች ጀልባዎች ይቀጠራሉ፤ የመቆሚያ ኪራይ አለ፤ በብዙ ቦታም በእያንዳንዱ ተሳፋሪ ራስ የሚከፈል ቀረጥ አለ። መቆሚያው ደግሞ እንደ ሠርግ አዳራሽ ቀደም ተብሎ የተያዘ ነው። የማታው መርከብ ካልወጣ የሌሊቱ መርከብ የሚገባበት የለውም። መቆሚያ በሌለበት፣ ለምሳሌ በግሪክ ሳንቶሪኒ ደሴት፣ መርከቡ ራቅ ብሎ ይቆምና ሰው በትንንሽ ጀልባዎች እየተመላለሰ ይወርዳል፤ ከዚያ ገደሉን በገመድ መኪና ይወጣል። ወረፋው ራሱ ከቀኑ ላይ ስንት ሰዓት እንደሚቆርስ መገመት አያቅትም።

ተሳፋሪው ዘጠኝ ሰዓት ቆመናል ሲባል ዘጠኝ ሰዓት አገኘሁ ብሎ እንዳያስብ። መጀመሪያ የወደቡ ባለሥልጣናት ወረቀቱን አይተው ማጽደቅ አለባቸው፤ ከዚያ ሰልፍ ነው፤ ማታም ከመነሻው ሰዓት ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ መግባት ግዴታ ነው። ከአሌክሳንድሪያ ወደብ እስከ ጊዛ ፒራሚዶች ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ደርሶ መልሱ አምስት ስድስት ሰዓት ይበላል። ፈርዖኖች ሺህ ዓመታት ያቆዩትን ለማየት የሚተርፈው ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው። ፎቶግራፉ ግን ይነሳል።

ሕግ የወለደው ማረፊያ

ከሁሉ የሚያስገርመው ሰው አገር እንዲያይ ሳይሆን ሕግ እንዲሟላ ተብሎ የሚደረገው ማረፊያ ነው። አሜሪካ በ1886 ያወጣችው የመንገደኛ መርከብ ሕግ፣ ከአሜሪካ ወደብ ወደ አሜሪካ ወደብ መንገደኛ ማጓጓዝን በአገሯ ለተሠሩና የአገሯን ባንዲራ ለሚያውለበልቡ መርከቦች ብቻ ትቶታል። ትልልቆቹ የሽርሽር መርከቦች ግን ከጥቂት በስተቀር የባሃማስን፣ የፓናማን፣ የማልታን ወይም የበርሙዳን ባንዲራ ነው የሚሰቅሉት። ስለዚህ ከሲያትል ተነስተው አላስካን አሳይተው ወደ ሲያትል ለመመለስ በመሐል አንድ የውጭ አገር ወደብ መንካት አለባቸው።

ያቺ ወደብ ብዙ ጊዜ የካናዳዋ ቪክቶሪያ ናት። ብዙዎቹ መርከቦች በጉዞው መጨረሻ ምሽት ከማታው 2 ሰዓት ገደማ ይገቡና እኩለ ሌሊት ላይ ይወጣሉ። ከተማዋ ቆንጆ ናት፤ ሱቆቿ ግን ዘግተዋል። ተሳፋሪው ለምን በጨለማ አመጣችሁን ቢል መልሱ ያለው 1886 ላይ ነው። ካናዳ በኮቪድ ምክንያት ወደቦቿን ለሽርሽር መርከቦች በዘጋች ጊዜ ይህች የጥቂት ሰዓት ማረፊያ ምን ያህል እንደምትከብድ ታየ። የአላስካ ወራት በሙሉ ሊጠፋ ሆነ፤ በሜይ 2021 የአሜሪካ ኮንግሬስ ለጊዜው የሚያገለግል ልዩ ሕግ አውጥቶ ነው መርከቦቹ የሄዱት።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ከሃዋይ የሚነሳ አንድ መርከብ ይህንኑ ሕግ ለማሟላት 1,000 የባሕር ማይል ያህል ወደ ደቡብ ተጉዞ ታቡዋኤራን የተባለችውን የኪሪባስ ሪፐብሊክ ትንሽ ደሴት ይነካ ነበር። ለጥቂት ሰዓት ሲሉ ቀናትን ባሕር ላይ ማሳለፍ ማለት ይህ ነው።

ስምንቱ ሰዎች

የሰዓቱ ጥብቅነት በአፍሪካም ታይቷል። በማርች 2024 ኖርዌጂያን ዶውን የተባለችው መርከብ በሳኦ ቶሜና ፕሪንሲፔ ስትቆም ስምንት ተሳፋሪዎች በግላቸው በያዙት የጉብኝት ጉዞ ዘግይተው ተመለሱ። መርከቧ ገና አልራቀችም ነበር፤ ግን አልተቀበለቻቸውም። በመካከላቸው በዕድሜ የገፉ ሰዎችና ነፍሰ ጡር ሴት ነበሩ። ፓስፖርታቸው በወደቡ ወኪል በኩል ተሰጥቷቸው ከአገር አገር እየተዘዋወሩ ጋምቢያ ላይ ሊቀድሟት ደረሱ። መርከቧ ግን በአየሩ ሁኔታና በባሕሩ ውሃ መጉደል ምክንያት ባንጁል ሳትገባ አለፈች። በመጨረሻ ሴኔጋል ገብተው ዳካር ላይ ተሳፈሩ።

ብዙ ሰው መርከቧን ጨካኝ አላት። በእርግጥም ለሽማግሌና ለነፍሰ ጡር የሚደረግ ርኅራኄ በሰዓት የሚለካ መሆኑ ይከብዳል። ሆኖም በዚያው ሰዓት መሪው ተዘጋጅቷል፣ የመውጫ ፈቃዱ ተሰጥቷል፣ ቀጣዩ መንገድ ተለክቷል። በመርከብ ላይ የምትሄዱ ቤተሰቦች ልታውቁት የሚገባው አንድ ነገር አለ። መርከቡ ራሱ በሸጠው ጉብኝት የወጡ ሰዎች ቢዘገዩ ይጠበቃሉ፤ በግል የወጣ ግን ራሱ ተጠያቂ ነው። ኩባንያውም ጉብኝቱን ሲሸጥ ይህንኑ እንደ ዋስትና ይጠቅሰዋል። ከዚያ ሽያጭ ላይ ደግሞ ድርሻውን ያነሳል።

ከታች ያሉት

ከተሳፋሪዎቹ ወለል በታች ሌላ ሕዝብ አለ። የፊሊፒንስ፣ የኢንዶኔዥያ፣ የሕንድ ልጆች ይበዙበታል፤ ውላቸው ብዙውን ጊዜ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ነው። በ2013 በሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፉ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት፣ በሳምንት ቢያንስ 77 ሰዓት ዕረፍት እንዲሰጣቸው ያዛል። ገልብጠን ስናነበው በሳምንት እስከ 91 ሰዓት ሥራ ላይ ሊቆዩ ይችላሉ ማለት ነው። ይህ ለሠራተኛ ጥበቃ የወጣው ሕግ ነው፤ ከእሱ በፊት ምን እንደነበር አስቡት።

ለእነዚህ ሰዎች ወደብ ማለት ሙዚየም አይደለም፤ ስልክ ነው። ርካሽ ኢንተርኔት ያለበት ካፌ ወይም የባሕረኞች ማረፊያ ፈልገው ከእናት፣ ከሚስት፣ ከልጅ ጋር ይነጋገራሉ፤ ገንዘብ ይልካሉ፤ ሳሙናና መድኃኒት ይገዛሉ። ዘጠኙ ሰዓት ግን የእነሱ አይደለም። መርከብ ወደብ ላይ ሆኖም እሳት ቢነሳ የሚያጠፋ፣ ጀልባ የሚያወርድ ሰው ያስፈልገዋልና በተራ የተወሰኑት መውረድ ይከለከላሉ። ተራው ያልደረሰበትም ቢሆን ቁርስ አቅርቦ፣ ክፍል አጽድቶ፣ የነፍስ አድን ልምምድ ተካፍሎ ሲጨርስ የሚተርፈው ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ነው። በመካከላቸው ያሉ ሙስሊሞች ዓርብ ቀን ወደብ ላይ ቢውልላቸው እንኳ የሥራ ተራ ይዟቸው ጁምዓ ሊያልፋቸው ይችላል። ባሕረ ሰላጤው ውስጥ በሰው ቤት ተቀጥረው የሠሩ እህቶቻችን ይህንን ሳንነግራቸው ይረዱታል።

ከሁሉ የሚከፋው ጉዞው የሚያልቅበትና የሚጀመርበት ቀን ነው። ጧት ሺዎች ሻንጣቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ከሰዓት በኋላ አዲስ ሺዎች ይገባሉ። በዚያች መሐል አልጋው ሁሉ ይነጠፋል፣ የሳምንት ቀለብ ይጫናል፣ ቆሻሻ ይወርዳል። ተሳፋሪው የሰላም መዝናኛዬ የሚለው ክፍል ከጥቂት ሰዓት በፊት የሌላ ሰው ክፍል ነበር።

ከተማዎቹ ምን አሉ?

ለወደብ ከተማ ስምንት ሰዓት በረከትም መከራም ነው። ሺዎች በአንድ ጊዜ ይወርዳሉ፤ መንገዱ ይጨናነቃል፤ ማታ ላይ ሁሉም ይሄዳሉ። እራት የሚበሉትና የሚያድሩት መርከቡ ላይ ነውና ለከተማው ሆቴልና ለምሽት ምግብ ቤት የሚተርፍ ነገር ጥቂት ነው። የጀበና ቅርጽ የሚሸጠው፣ ታክሲ የሚነዳው፣ ፎጣና ባርኔጣ ዘርግቶ የሚጠብቀው ግን ልጆቹን የሚያሳድረው በእነዚያ ሰዓታት ነው። መርከቡ ማዕበል ተነሥቷል ብሎ ሳይቆም ቢያልፍ የእሱ ቀን ባዶ ሆነ ማለት ነው፤ ማንም አይክሰውም።

ኩባንያዎቹ በበኩላቸው የራሳቸውን ወደብ ወደ መሥራት ሄደዋል። ኖርዌጂያን በ1977 በባሃማስ ግሬት ስተራፕ ኬይ የተባለችውን ደሴት ገዛ፤ ዲዝኒ በ1998፣ ሮያል ካሪቢያን በ2019 እንዲሁ የየራሳቸውን የባሃማስ ደሴት በሰፊው አደራጅተው ከፈቱ፤ ካርኒቫል በጁላይ 2025 ሴሌብሬሽን ኪ የተባለውን ጨመረ። ተሳፋሪው ወርዶ ባሕር ዳር ይውላል። የሚበላበትም፣ ወንበርና ጥላ የሚከራይበትም ቦታ በኩባንያው እጅ ነው። አገር አየሁ ብሎ ይመለሳል፤ ያየው ግን የመርከቡን ቅጥያ ነው።

ዝም ያላሉ ከተሞችም አሉ። ጣሊያን ከኦገስት 2021 ጀምሮ ከ25,000 ግሮስ ቶን በላይ የሆኑ መርከቦች በቬኒስ መሐል እንዳያልፉ ከልክላለች፤ በጁን 2019 አንድ ግዙፍ መርከብ ከወደቡና ከአንዲት የጎብኚ ጀልባ ጋር ተላትሞ ነበር። የአሜሪካዋ ባር ሃርበር ነዋሪዎች በ2022 ድምፅ ሰጥተው በቀን የሚወርደው ተሳፋሪ ከ1,000 እንዳይበልጥ ወሰኑ። ግሪክ በ2025 በተሳፋሪ የሚከፈል ቀረጥ አወጣች፤ በሳንቶሪኒና በሚኮኖስ በበጋው ወራት 20 ዩሮ ነው።

የክሮኤሺያዋ ዱብሮቭኒክ ያደረገችው ግን ለእኛ ጥያቄ ቅርብ ነው። በግንብ የታጠረችው አሮጌ ከተማ በሰው ብዛት ስትታፈን፣ ከ2019 ጀምሮ በአንድ ጊዜ ከሁለት መርከብና ከ4,000 ተሳፋሪ በላይ እንዳይመጣባት ተስማማች። ቀጥላም መርከቦቹ ቢያንስ ስምንት ሰዓት እንዲቆሙ አለች። መርከብ በዛብኝ ያለች ከተማ ቆዩልኝ ማለቷ ግራ ሊያጋባ ይችላል። ሐሳቡ ግን ቀላል ነው። አራት ሰዓት ብቻ ያለው ጎብኚ ከሌላው ጋር በአንድ በር ተጋፍቶ ገብቶ ሳይገዛ ይወጣል፤ ስምንት ሰዓት ያለው ተበታትኖ ይሄዳል፣ ተቀምጦ ምሳ ይበላል።

መርከብ መቆም የማይችል ፍጡር አለመሆኑንም ዶሃ አሳይታለች። በ2022ቱ የዓለም ዋንጫ ሦስት የኤምኤስሲ መርከቦች፣ ከእነሱም አንዷ አዲስ የተሠራችው ወርልድ ዩሮፓ፣ ሆቴል ሆነው በዶሃ ወደብ ለሳምንታት ቆመው ለኳስ ተመልካቾች አልጋ አከራይተዋል። የሚከፍል ከተገኘ ሞተሩም ካፒቴኑም ታጋሽ ናቸው።

በአላስካዋ ጁኖ ነገሩ ገና አልሰከነም። ወደ 32,000 የሚጠጋ ሕዝብ ያላት ይህች ከተማ በ2001 ወደብ ላይ የቆመ የሽርሽር መርከብ ሞተሩን አጥፍቶ ከምድር መብራት እንዲያገኝ በማድረግ በዓለም የመጀመሪያዋ ናት። ከ2024 ጀምሮ በቀን ከአምስት ትልልቅ መርከብ በላይ አትቀበልም። በኦክቶበር 2024 ደግሞ ነዋሪዎቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ትልልቅ መርከብ ጨርሶ አይምጣብን በሚል ሐሳብ ላይ ድምፅ ሰጡ። ጎረቤት ከጎረቤት ተከራከረ፤ አንዱ የሄሊኮፕተሩ ጩኸት መረረኝ አለ፣ ሌላው ልጄን ያስተማርኩት በመርከብ ሰዎች ነው አለ። ሐሳቡ ወደቀ። ከተማዋ ከኩባንያዎቹ ጋር በተስማማችው መሠረት ግን ከ2026 ጀምሮ በአንድ ቀን የሚመጡት መርከቦች አልጋ በድምሩ ከ16,000፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከ12,000 መብለጥ የለበትም።